የመጀመሪያው «አይሆንም»

ቀፊራ ገበያ ውስጥ ደንበኛ ለጠራው የመጀመሪያ ዋጋ እሺ የሚል ነጋዴ ወይ ታሟል፣ ወይ ዕቃው የስርቆት ነው። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት የሴት ቀሚስ፣ ድሪያና ሻሽ ስሸጥ አንድም ቀን እሺ ብዬ አላውቅም። ደንበኛው ይጠራል፣ እኔ አይሆንም እላለሁ፣ እሱ ይሄዳል፣ ሦስት ሱቅ አልፎ ይመለሳል። በእኛ ገበያ «አይሆንም» የወሬ መክፈቻ ነው እንጂ መዝጊያ አይደለም። ይህን ለልጄ ሳልነግራት መቅረቴ ነው ዛሬ የሚያስጽፈኝ።

ልጄ ፈረንሳይ አገር ትማራለች። የነጻ ትምህርት ዕድሉን ያገኘችው በራሷ ጭንቅላት ነው፤ የእኔ ድርሻ ሻንጣ መግዛትና ስትሄድ መካሪ መምሰል ነበር። «ከክፍል ወደ ማደሪያሽ፣ ከማደሪያሽ ወደ ክፍል፤ ሌላ መንገድ አላውቅልሽም» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስምንተኛን ሳልጨርስ ወጥቼ ሶማሊኛውን ከጎረቤት ሱቅ፣ ኦሮምኛውን ከወተት ሻጮች፣ ዐረብኛውን ጨርቅ ከሚያመጡልን ሰዎች የለቀምኩት ሰውዬ። ፈረንሳይኛም አለኝ፤ ከጅቡቲ ነጋዴዎች የቀሰምኩት ቁጥር፣ ሰላምታና ስድብ። ከሦስቱ አጥርቼ የምናገረው ስድቡን ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሊያልቅ ሲል ደወለች። ቀትር ነበር፤ ሱቁን ዘግቼ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ጣቃ ጨርቅ ላይ ጋደም ብያለሁ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ላስፈቅድህ።»

አስተማሪዋ ለእረፍቱ ወራት ቦታ አግኝታላታለች። በአንዲት ትንሽ ከተማ አትክልት የሚያመርቱ ባልና ሚስት ቤት ታርፋለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ገበያ አብራቸው ትሸጣለች፤ እሑድ እሑድ ከከተማው ሰዎች ጋር ትዘምራለች።

«የፈረንሳይኛ ጽሑፌ ጥሩ ነው አባዬ፣ አፌ ግን አልፈታ አለ። ሰው ሲያናግረኝ መልሱን በሐሳቤ ጽፌ እስክጨርስ ሰውየው ሄዷል። ከእረፍት መልስ ደግሞ የቃል ፈተና አለብን።»

ሐሳቡን ወደድኩት። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ወደድኩት። ልጄ በእነሱ ቀፊራ ልትቆም! አፌ ግን ከልቤ ቀድሞ የለመደውን ተናገረ።

«አይሆንም። ሽንኩርት ለመሸጥማ እዚሁ ነበርሽ።»

«እሺ አባዬ» አለች፤ የእናቷን ጤና ጠይቃ ዘጋች።

ሦስት ሱቅ አልፋ እንድትመለስ ጠበቅኳት። ስትመለስ «ሰዎቹ እነማን ናቸው?» ብዬ ትንሽ ላከራክራት፣ ከዚያ «በይ ሂጂ» ብዬ ልመርቃት ተዘጋጅቻለሁ። አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛውም። የአባቷ ልጅ፣ ችላ ብላ ልታለሳልሰኝ ነው ብዬ ኮራሁ እንኳ።

ጎኔ ያለችው ሶማሌዋ ባለሱቅ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«ወርያ፣ ልጅህን እንደ ደንበኛ ሸኘሃት?»

«ትመለሳለች አቦ!»

«ደንበኛ የሚመለሰው ስለማያከብርህ ነው። እሷ ታከብርሃለች። ወላሂ ዛሬውኑ ደውል።»

ደወልኩ። «ያ ያልሽው ነገር… ሂጂ» አልኩ።

«አባዬ፣ ቦታው እኮ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ያኔውኑ አልችልም አልኳቸው።» ድምጿ ውስጥ ቂም ፈለግኩ። ቂም ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

ያን እረፍት ጓደኞቿ ሁሉ ሄደው እሷ ባዶ ማደሪያ ውስጥ ከመጽሐፍ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ ባሳየኋት መንገድ። የቃል ፈተናውን ወደቀች። ስትነግረኝ አጽናናኋት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አላነሳሁም። እሷም አላነሳች። እሷ በጨዋነቷ፣ እኔ በፍርሃቴ።

ዘንድሮ እረፍቱ ደርሷል በምልበት ሰሞን፣ ሳትጠይቀኝ እንዳትቀር ፈርቼ ሱቅ ሆኜ ቀድሜ ደወልኩ። ከጀርባዋ ጫጫታ አለ፤ ሣጥን ይጎተታል፣ ሰው ይጠራራል። ገበያ በየትም አገር ቢሆን አይጠፋኝም።

«ዘንድሮ ቦታ ካለ ሂጂ» አልኩ ቸኩዬ።

«አባዬ… ሄጃለሁ እኮ። ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ለእማዬ ነግሬያታለሁ።»

ሚስቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ አብራኝ ስትበላ ፊቷ ላይ አንድ ነገር አልታየባትም። ለካ ነጋዴዋ እሷ ነበረች።

«ይቅርታ አባዬ፣ እንዳትከለክለኝ ብዬ ነው።»

ይቅርታው የእኔ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ። አፌን ሳልከፍት አንዲት ሴት በፈረንሳይኛ ተጣራች፤ ልጄም ወዲያው፣ እየሳቀች መለሰችላት። ምንም አልጻፈችም፣ ምንም አላሰበችም። ቁጥርም ሰላምታም ስድብም ስላልነበረ አንዲት ቃል አልገባኝም። «ቆየኝ አባዬ» ብላ ስልኩን ሳትዘጋ አስቀመጠችው።

ገበያቸውን አዳመጥኩ። ደጄ ላይ አንዲት ሴት ድሪያ አንስታ ዋጋ ጠራች። ስልኩን ከጆሮዬ ማንሳት ስላልፈለግኩ በእጄ ምልክት፣ በጠራሽው ውሰጂው አልኳት። ደነገጠች። ጨርቁን ገልብጣ፣ ስፌቱን መርምራ፣ ፊቴንም አየት አድርጋ መልሳ አስቀመጠችውና ሄደች።