የአባቴ ትከሻ

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «እሜቴ» ይለው ነበር። ለስድብም ይሁን ለፍቅር፣ እንደ ተናጋሪው ነው። በቴያትር ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሴት ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። ያኔ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጣች ማለት ቤተሰቧን አዋረደች ማለት ነበር፤ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ ግን ጥበብ ይባላል። ወይ ጉድ!

ስሙን ያስጠራው ልጇ የሞተባት እናት ሆኖ ሲጫወት ነው። መርዶው ሲነገረው ለተመልካቹ ጀርባውን ሰጥቶ ዝም ይላል። ከዚያ ትከሻው ብቻ ቀስ እያለ ይወርዳል። በቃ፣ አዳራሹ በለቅሶ ይናወጣል። ጀርባውን የሚሰጠው ለጥበብ ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ጠዋት የተላጨው ጢም እስከዚያ ሰዓት ብቅ ብቅ ስለሚል ነው። ይህንን ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ኋላ ዘመኑ ተለወጠና ሴቶች መድረክ ይውጡ ተባለ። አንድ ጋዜጣ «በቀሚስ ማታለል አበቃ» ብሎ ጻፈ። እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ ምን ላድርግ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ፣ ከመድረክ ሌላ ሕልም አልነበረኝም። አባቴን ትኬት ቀዳጅ አድርገው በር ላይ አቆሙት። የእናቲቱን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ።

አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ማድ ቤት ውስጥ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ሁለት ወር አስጠናኝ፤ አካሄዷን፣ አቀማመጧን፣ ስትደነግጥ እጇ የት እንደሚሄድ ሳይቀር። ሴቷ እኔ፣ ሴትነት የሚያስተምረኝ እሱ! በመጨረሻ፣

«የኔ ልጅ፣ ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው። መርዶው ላይ ግን ጀርባሽን ስጪ። እሷን ቦታ ብቻ እንዳለች ተዪልኝ» አለኝ።

«እሺ አባዬ፣ አንተ ሙት!» ብዬ ማልኩለት።

ልምምድ ላይ እንዳለኝ ባደርግ አዘጋጁ ጮኸብኝ። «ምን ትሸሸጊያለሽ? ጢም አለሽ እንዴ? ሰው የሚመጣው የሴት ፊት ለማየት ነው፤ ዙሪ!» ሁሉም ሳቁ። ጥርሴ ይርገፍና እኔም ሳቅሁ።

የመክፈቻው እሑድ ከሰዓት አባቴ በሩን ለሌላ ሰው አስረክቦ፣ ካፖርቱን ደርቦ መሃል ላይ ተቀመጠ። መርዶው ተነገረኝ። ጀርባዬን ልሰጥ ስል አዘጋጁን መጋረጃው ጥግ አየሁት። ፊቴን ወደ ሰው አዙሬ እሪ አልኩ። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አባቴም ቆሞ አጨበጨበ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቤት ስገባ «ጎበዝ፣ ጥሩ አለቀስሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እናቲቱን አንስቶ አያውቅም። እናቴ የድሮ የመድረክ ቀሚሱን ቀድዳ ወለል ስትወለውልበት እንኳ እግሩን አንስቶ አሳለፋት። ምነው በሰደበኝ! ምነው አንድ ጊዜ በጥፊ ባለኝ!

ሠላሳ ዓመት ፊቴን ሳሳይ ኖርኩ፤ ተሸለምኩበትም። ይቅርታ ልጠይቀው ዛሬ ነገ ስል አባቴ ታሞ ተኛ። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው በነገረኝ ቀን፣ ሳለቅስ እንዳያየኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። በሞቱ ምዬ የከዳሁት ሰው ከኋላዬ ተኝቷል። ድምፅ አላወጣሁም።

«ቀስ… ትከሻሽን ቀስ አድርገሽ አውርጂው» አለ ከአልጋው። «አዎ። እንደሱ።»

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ» ልለው ስል፣

«አትዙሪ» አለኝ።

አልዞርኩም።