በደጃፍ የሚገለበጥ ነጠላ

የሥነ ጽሑፍ መምህራችን «በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ መስሎ የሚታየውና እውነት ሆኖ የሚገኘው እንዴት እንደሚለያዩ በምሳሌ አስረዱ» ብለው ሲያዙን፣ መጀመሪያ የጻፍኩት በክፍል የተማርነውን ነበር። ደራሲው እውነቱን ይሸፍናል፤ አንባቢው ይታለላል፤ መጨረሻ ላይ ይገለጥለታል። ደግሜ ሳነበው ስህተት የለውም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት ኮልፌ፣ እኛ ግቢ ያየሁት እንዲህ አልነበረም። እዚያ እውነቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከአንዲት ሴት በቀር።

ሴትየዋ ከኋላ ያለውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር አራስ ነበረች። ባሏ ከገጠር ቅቤ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከዚህ በፊት የወለደችው አልቆየላትም፤ ይህንን ወንድ ልጅ ስትገላገል ባሏ መንገድ ላይ ነበር። ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ከወሊሶ ወዲህ ተገልብጦ እሱ ሞተ። ሬሳው ሳንሱሲ፣ ወንድሙ ቤት ገባ፤ ለቅሶውም እዚያው ሆነ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከእናቴ ጋር ተማክረው መርዶው ከክርስትናው በኋላ እንዲነገራት ቆረጡ። አራስ መርዶ ከሰማች ወተቷ ይደርቃል፤ ወተቷ ከደረቀ ያ ቀጭን ልጅ አይተርፍም። ይህን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። እኔም አልተጠራጠርኩም።

ስለዚህ ሴቶቹ ጠዋት ሳንሱሲ ሄደው ያለቅሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ አራሷን ሊያጫውቱ ይመጣሉ። ለቅሶ ላይ የነጠላው ጥለት ወደ አንገት ይዞራል፤ አራስ ቤት እንዲያ ተለብሶ አይገባም። እናቴ የግቢው በር ላይ ቆማ እያንዳንዷን ትመረምራለች።

«ነጠላሽን ገልብጪ! ደግሞ ይኼን ያበጠ ዓይን ይዘሽ ልትገቢ ነው?»

«ጭስ ነው እላታለሁ።»

«ትናንትም ጭስ ብለሻል። ዛሬ ጉንፋን በይ።»

ውስጥ ሲገቡ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

«ወንድ ወለድኩ ብለሽ ኮራሽብን አይደል!» ትላለች አንዷ።

«አባትየው ሲመጣ ነው የምኮራው» ትላለች አራሷ። «ግን ምን ነካው? እንዲህ ቆይቶ አያውቅም።»

«ዝናቡ መንገዱን ዘግቶበት ነዋ» ትላታለች እናቴ።

«ወንድን አታውቂውም? ጡት አስጥለሽ ስትጨርሺ ነው ከች የሚለው!» ትላለች ሌላዋ። ሁሉም ይስቃሉ፤ አራሷም ትስቃለች። እኔ የገንፎውን ሳህን ይዤ ጥግ ላይ ቆሜ፣ በነጠላቸው ሥር የተጨበጡትን እጆች አያለሁ።

አንድ ቀን እናቴ ከሳንሱሲ ስትመለስ ዝናብ ያዛት። ግቢ እንደገባች ልጁ ሲያለቅስ ሰማችና በር ላይ ሳትቆም በቀጥታ ወደ አራሷ ክፍል ገባች። ሌሎቹን የምትመረምረው እሷ ስለነበረች እሷን የሚመረምር አልነበረም። ልጁን ለማንሳት ስታጎነብስ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነበር። እኔ አየሁት። አራሷም አየችው።

«እትዬ፣ ማን ሞቶ ነው?»

እናቴ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። «የሩቅ ዘመድ ነው። አታውቂውም።»

«ነፍስ ይማር» አለች አራሷ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ባሏ መጠየቅ ተወች። ሴቶቹ ሲቀልዱ ቀድማቸው ትስቃለች። እነሱም «ልጁ አስረስቷታል» ብለው ደስ አላቸው። እኔ ግን ለእናቴ፣ «እማዬ፣ ያወቀች ይመስለኛል» አልኳት።

«ብታውቅ ደረቷን ትመታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አታውሪ።»

ልጁ መጀመሪያ አብዝቶ ያለቅስ ነበር፤ በኋላ ለቅሶው እያነሰ ሄደ። ሰው በገባ ቁጥር እናቱ በጋቢ ሸፍና ጡቷ ላይ ታደርገውና «ጠግቦ ነው» ትላለች። አንድ ጠዋት እናቴ ጋቢውን ገለጠችው። ልጁ ጡቱን ይዟል፤ የሚውጠው ግን አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እርስዎ ነጠላዎን ሳይገለብጡ ከገቡበት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?»

«እናንተስ?» አለች። ቀጥላም፣ «ብነግራችሁ ታስለቅሱኛላችሁ። ካላለቀስኩ ጨርሶ አይደርቅም ብዬ ነው።»

በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ወሰድነው፤ የላም ወተትም በጡጦ ሞከርንለት። ክርስትናው ሳይደርስ ሞተ።

ልጁ በተቀበረ ማግስት ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጡ። መርዶ ሳይነገር አይቀርምና፣ ምንም እንደማታውቅ አስቀምጠው የባሏን መሞት ነገሯት። እሷም አሁን ገና እንደሰማች ሁሉ ፊታቸውን እያየች እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው። ከዚያ ጮኸች። ሴቶቹ እጇን ይዘው አብረዋት ጮኹ፤ ከሁለቱ ለየትኛው እንደምታለቅስ የጠየቃት ግን አልነበረም።