ሽምግልና በውስኪ

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ሽማግሌ ሆኜ አውቃለሁ ብል ታምኑኛላችሁ? ያኔ ዋሽንግተን አካባቢ ሀበሻው ጥቂት፣ ሽበት ያለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ጓደኛዬ ሚስት እንድጠይቅለት ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚኖሩት የልጅቷ ቤተሰቦች ላከኝ። አብሮኝ የሚሄደው ሽማግሌ ኦቨርታይም ገብቶ ቀረ።

የልጅቷ አባት ጉዳዬን ሰምተው ሲያበቁ፣ መልስ በመስጠት ፋንታ ሲንግል ሞልት የሚባል ውስኪ ከፈቱ።

«እስቲ ይቅመሱት» አሉኝ።

ከቢራ አልፌ አላውቅም። ብቻውን ስጎነጨው ጉሮሮዬ ነደደ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሳቸው በረዶ ጨመሩልኝ። አሁን ማቃጠሉ ረገብ አለና ማር ማር የሚል ጣዕም መጣ።

«ልጁስ እንዴት ነው የሚጠጣው? ብቻውን ነው ወይስ በበረዶ?»

ጨነቀኝ። ብቻውን ብል ሰካራም ሊሉት ነው፤ አይጠጣም ብል ውሸት ነው።

«በበረዶ ነው» አልኩ። «ግን ጨዋታ ስለሚወድ፣ ሲያወራ በረዶው ይቀልጥበትና ብርጭቆውን ሳይጨርስ ይነሳል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እንግዲያው ልጄን ሰጥቻለሁ» አሉ።

አመስግኜ ልነሳ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ቁጭ በል እንጂ ልጄ። አንተስ አግብተሃል? ታናሿን እኮ አላየሃትም።»