የዋይት ሴንተሯ እማማ አድራሻ

የእስር ክፍሉ በክሎሪን ሽታ ተቀበለኝ። ከኋላዬ የገፋችኝ ጠባቂ በሩን ስትዘጋ፣ የተሰበረው ጣቴ አብጦ ቀለበቴን ውጦት ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሲያትል ውስጥ የቤት ሽያጭ ውል የማዘጋጅ ጠበቃ ነበርኩ። ሕግ ለማጥናት የወሰንኩት አዲስ አበባ የአባቴ ቤት ሲወረስ፣ ዕቃችን መንገድ ላይ ሲወረወር ካየሁ በኋላ ነው። ከከተማዋ ዳር ባለው ዋይት ሴንተር ሰፈር አንድ አሮጌ አፓርትመንት ተሸጠና ስደተኞቹ ተከራዮች ውጡ ተባሉ። ተከራከርኩላቸው፤ ተረታን። በሚባረሩበት ጠዋት ግን በሩ ላይ አብሬያቸው ቆምኩ። ፖሊሶቹ በዱላ እየደበደቡ ደረጃውን አስወረዱን። አንድ አባወራ ጥርሱን ከነደሙ ሲተፋ አየሁ። የእኔም ጣት የተሰበረው እዚያው ነው።

አብረውኝ የታሰሩት ከተከራዮቹ አንዷ፣ የወሎ እናት ነበሩ። ጠባቂዋ ሻሻቸውን እንዲያወልቁ አዘዘቻቸው። እምቢ አሉ። ፀጉራቸውን ከነሻሹ ጨምድዳ ግንባራቸውን ከግድግዳው አላተመችው። መሃል ስገባ በጉልበቷ ሆዴን መታችኝ። ትንፋሽ አጥሮኝ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ሳለሁ ሻሹን ይዛ ወጣች።

እማማ ፀጉራቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ጥግ ተቀመጡ። ደሙ በቅንድባቸው ላይ ይወርዳል። ኮቴን አውልቄ ገበሩን በጥርሴ ቀደድኩና ሰጠኋቸው። የሥራ ልብሴን በማበላሸቴ ተቆጡኝ፤ ግን ተከናነቡት።

በማግስቱ ዳኛው ፊት ያንኑ ተከናንበው ቀረቡ። ግንባራቸው አብጧል። አስተርጓሚ ስላልነበረ እኔ ተረጎምኩ። ዳኛው አድራሻቸውን ሲጠይቁ፣ እማማ የተባረሩበትን ሕንፃና የበራቸውን ቁጥር ነገሩኝ። ከዚያ እኮ ወጥተዋል አልኳቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"የጠየቀኝ የምኖርበትን ነው። ደብድበው አወጡኝ እንጂ እኔ አልለቀቅሁም። እንዳልኩት ንገሪው፣ ልጄ።"

በሕጉ እንደማያስኬዳቸው አውቃለሁ። አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩት። ዳኛው ቀና ብለው የእማማን ግንባር አዩና አድራሻውን ጻፉት።

የተመሠረተብን ክስ ኋላ ተሰረዘ። ሕንፃውን ግን አፈረሱት፤ እማማም ቱክዊላ በምትባል ጎረቤት ከተማ ልጃቸው ዘንድ ኖረው አረፉ። እኔ ዛሬም የቤት ውል እጽፋለሁ። "ሻጩ ቤቱን ሰው ሳይኖርበት ያስረክባል" የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ለደንበኛዬ እደውላለሁ፤ አሁን ማን እንደሚኖርበት እጠይቃለሁ።