ባለ ቢራቢሮዋ ጫማ

ልጅ ሳለሁ ሰውን ከፊቱ ይልቅ በጫማው አውቀው ነበር። ይህን ያስለመዱኝ የእናቴ አባት፣ አባባ ሰይድ ናቸው። የይፋግ ሰው ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም እናቴ ወደ ባሕር ዳር አምጥታቸው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እናቴ ጦይባ የምትተዳደረው በልዋጭ ነው። ማለዳ ሳፋውን በሳፋ፣ ባልዲውን በባልዲ ውስጥ ደራርባ፣ ጆጉንና ኩባያውን ከላይ ከምራ በራሷ ትሸከምና «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለች ከሐይቁ ዳር ሰፈሮች እስከ ሰባታሚት ድረስ ትዞራለች። በየበሩ ያረጀ ልብስና ጫማ ትቀበላለች፤ በምትኩ እንደ ልብሱ ዓይነት ሳፋ ወይም ሰሃን ወይም ባልዲ ትሰጣለች። ጠዋት ፕላስቲክ ተሸክማ ወጥታ ማታ ጨርቅ ተሸክማ ስትመለስ፣ እኔ በልጅ አእምሮዬ ፕላስቲኩ መንገድ ላይ ጨርቅ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ማታ ማታ፣ አባባ ሰይድ መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ፣ የዕለቱ ጨርቅ በረንዳው ላይ ይዘረገፋል። ታጥቦ ገበያ የሚወጣውን እናቴ በአንድ በኩል፣ ለጋራዥ መወልወያ የሚሆነውን ቡትቶ በሌላ በኩል ትለያለች፤ ጫማ ጫማው ወደ አባባ ሰይድ ይገፋል። እሳቸው ከፊታቸው የከሰል ምድጃ አለ። እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ቢላዋ ፍሙ ውስጥ ይቀብሩና፣ ሲግልላቸው የተሰነጠቀ የኮንጎ ጫማ እያቀለጡ ያጣብቁበታል። የተቃጠለው ፕላስቲክ ጭስ ዓይን ያስለቅሳል። ከሐይቁ የሚመጣው የማታ ነፋስ ገፍቶ እስኪወስደው ድረስ ሁላችንም እንስላለን፤ እኔ ግን ከአጠገባቸው ንቅንቅ አልልም፤ ምክንያቱም ተረት የሚጀምሩት እጃቸው ጫማ ውስጥ ሲገባ ነው። መብራት በጠፋ ቀንማ ደስታዬ እጥፍ ነበር። ኩራዙን ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጡና፣ ሰም የተቀባውን ክር በወስፌው ቀዳዳ እያሾለኩ ረጅም ረጅሙን ያወሩልኛል።

«ይቺ ተረከዟ በአንድ ወገን ብቻ ነው ያለቀችው። ባለቤቷ እየዞረ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ነው» ይሉና፣ ለምን ወደ ኋላ እንደሚያይ ለማስረዳት ጅብ ዘመድ አለኝ እያለ ስለሚፎክር ነጋዴ ይጀምራሉ። ሌላው ጫማ ጣቱ አካባቢ ከተቀደደ፣ ሳያንኳኳ በር መግፋት የሚወድ ሰው ተረት ይወጣዋል። ተረቱ ሲያልቅ እንደ ሌሎች ሽማግሌዎች ምክር አይጨምሩበትም። ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው «እህ፣ ማን ተበደለ?» ይሉኛል፤ እኔ የመጣልኝን እመልሳለሁ፤ እሳቸው «ይሁን» ብለው የሚቀጥለውን ጫማ ያነሳሉ። ትክክል ነሽ አይሉኝ፣ ተሳስተሻል አይሉኝ። ያኔ ይህ ነገራቸው በጣም ያናድደኝ ነበር።

አምስተኛ ክፍል እያለሁ እናቴ በትልቅ ሳፋ የለወጠችውን አንድ ጥንድ ጥቁር የሴት ልጅ ጫማ ይዛ መጣች። በቀኙ ላይ ትንሽ የብረት ቢራቢሮ አለችበት፤ የግራው ቢራቢሮ ወድቃለች። ገና ሳያት ልቤን ወሰደችው። አባባ ሰይድ ዓይኔን አይተው ነው መሰል «ጦይባ፣ ይቺስ ገበያ አትወጣም፤ የሐያት ናት» አሏት። በግራው ላይ የነሐስ ቁልፍ ሰፉበት፤ የውስጡን ገበር አውልቀው ከአሮጌ ቦርሳ በቆረጡት ለስላሳ ቆዳ ለወጡት፤ ሶሉን ዙሪያውን በሰም ክር አጠበቁት። ቀለም ቀብተው ሲሰጡኝ በረንዳው ላይ ከጫፍ ጫፍ ተንጎራደድሁ።

በዚያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን ዓርብ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት፣ በሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን፣ በተማሪ ሁሉ ፊት አንድ ተረት እንዳወራ መረጡኝ። ማን እንደ እኔ! ተረት የማውቅ፣ ጫማ ያለኝ። ያላወራሁለት የክፍል ልጅ አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ተሰልፈን ሳለ ከጎኔ የቆመችው ቤዛ ወደ እግሬ አየችና ጮኸች። «እንዴ! የእኔ ጫማ! ያቺ ባለ ቢራቢሮዋ! እማዬ ለልዋጭ የሰጠቻት እኮ ናት!» እውነቱን ለመናገር ቤዛ ክፉ ልጅ አልነበረችም። የጠፋ ጓደኛ እንዳገኘ ሰው ነው ደስ ያላት። ሰልፉ ግን ሰማ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ከኋላ አንዱ ልጅ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ልዋጭ! ልዋጭ!» አለ፤ ልክ እንደ እናቴ መጨረሻውን ሳብ አድርጎ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የእናቴን አጠራር በየቀኑ ስለሚሰማው ማንም አልተቸገረበትም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስሜ ጠፍቶ ልዋጭ ሆንሁ።

ማታ ለእናቴ ምንም አልነገርኋት። እንዴት ብዬ ልንገራት? የሚሰድቡኝ በእሷው ድምፅ ነው። እሷ ቀድማ ወደ ጓዳ ስትገባ ለአባባ ሰይድ «ዓርብ ተረት አላወራም። ትምህርት ቤትም አልሄድም» አልኋቸው፤ ከዚያ እያለቀስሁ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍሁት። አላባበሉኝም። «ጫማዋን አምጫት» አሉኝ። እጃቸውን ወደ ውስጧ ከተቱና ፍሙን ቆስቆስ አድርገው ጀመሩ።

ከሐይቁ ማዶ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንዱ ያረጀ ጫማ አለው፤ ሌላው የማይጠቀምበት ትልቅ ቅል አለው፤ ተለዋወጡ። ቅል የነበረው ሰውዬ ጫማውን ሰፍቶ፣ ቅባት አጠጥቶ፣ ሠርግ ሄደበት፤ ሠርገኛውም አክብሮ ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጠው። የጫማው የድሮ ባለቤት ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። «የተከበረው በእኔ ጫማ ነው» ብሎ ዳኛ ዘንድ ከሰሰ። ዳኛው አዳምጦ «ቅር ያለህ እንደሆነ ልዋጩ ይፍረስ። ጫማህን ውሰድ፤ አንተም ቅሉን መልስለት፤ ቤትህ ከገባ ጀምሮ ከተናጠበት ቅቤ ጋር» ብሎ ፈረደ። ይህን ጊዜ የከሳሹ ሚስት ከሕዝቡ መካከል ተነሥታ ባሏን በኮሌታው ያዘችው። «ቅቤውን በልተን ጨርሰነዋል፤ ና ወደ ቤትህ!»

«እህ፣ ማን ተበደለ?» አሉኝ አባባ ሰይድ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ተረት በጆሮዬ የቀረው «ልዋጩ ይፍረስ» የሚለው ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርሁ። ጫማዋን ብመልስ፣ ሳፋችንን ብቀበል፣ ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም። ልዋጭ ይፈርሳል ተብሎ ሰምቼ አላውቅም፤ እናቴ በዚያ ሁሉ ዘመኗ አንድ ቀን አፍርሳ አታውቅም። እኔ ግን ዳኛው ከፈረደ ምን ቀረኝ ብዬ ቆረጥሁ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ጥቁሯን ጫማ በፌስታል ይዤ፣ ቤዛ ቤት ሄድሁ። ቤታቸው ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ላይ ነው። እናቷ እትዬ ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ያን ጊዜ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበሩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ገባሁ። እትዬ ሙሉ ግቢው መሐል ተቀምጠው በትልቁ አረንጓዴ ሳፋ ሕፃኑን ያጥባሉ። ሳፋውን አወቅሁት፤ ከእናቴ ሸክም ሁሉ ከታች የሚሆነው እሱ ነበር።

«ደኅና ዋሉ እትዬ ሙሉ። ጫማዋን አምጥቻለሁ፤ ሳፋውን ይመልሱልኝ» አልኋቸው።

«የምን ጫማ? የምን ሳፋ?»

«ልዋጩ ይፍረስ።»

ሳቃቸው መጣ። ሕፃኑም እናቱ ስትስቅ አይቶ ውኃውን በሁለት እጁ መታው፤ እኔንም አረጠበኝ። «እስኪ ማን አባቱ ነው አፍርሺ ያለሽ?» ሲሉኝ፣ ከተረቱ ዳኛ ጀምሮ ልጆቹ በእናቴ ጥሪ «ልዋጭ!» እስካሉኝ ድረስ አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ሳቃቸው እየቀነሰ ሄደ። ጥሪው ላይ ስደርስ ጨርሶ ጠፋ።

«ቤዛ! ነይ ወዲህ!»

ቤዛ ከቤት ወጥታ ስታየኝ ደነገጠች።

«ጫማሽን ይዛልሽ መጥታለች። ወንድምሽን አውጪውና ሳፋዋን ስጫት» አሏት።

ቤዛ ሕፃኑን አየች፤ እስከ አናቱ ሳሙና ነው። «ምን ላይ ይታጠባል ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ። ጫማሽን አግኝተሻል፤ ለኪያት።»

ቤዛ ጫማዋን ከፌስታሉ አውጥታ እግሯን ገፋችው። ተረከዟ ውጭ ቀረ። ደግማ ገፋች፤ አልሆነም። ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ ከተተችና ቆም አለች። ጣቷ ቆዳውን ሲዳስስ አየሁት። ገለበጠቻት፤ የሶሉን ስፌት ዙሪያውን አየች፤ የነሐሱን ቁልፍ ነካ አደረገች።

«እኔ ዘንድ ሳለች እንዲህ አልነበረችም። ውስጧ ይቆረቁረኝ ነበር» አለች። ጫማዋንም ቀስ ብላ መለሰችልኝ። «ያንቺ ናት።»

«አውቃለሁ» አልኋት፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ግን አላውቅም ነበር።

እትዬ ሙሉ ሕፃኑን በፎጣ እየጠቀለሉ «ሳፋውም የእኛ ነው። እናትሽ ስታልፍ ግን ትግባና ውኃ ትጠጣ፤ ሁልጊዜ በር ላይ ቆማ ነው የምትሄድብኝ» አሉኝ። ጫማዬን እዚያው አድርጌ፣ ነጠላ ጫማውን በፌስታሉ ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ እግሬን እያየሁ ነው የሄድሁት፤ ደግነቱ ባጃጅ አልገጨኝም።

ዓርብ ጠዋት ከተማሪው ፊት ቆምሁ። ማይክሮፎኑ ገና እጄ ሲገባ ከኋላው ረድፍ ያ ልጅ «ልዋጭ!» አለ፤ ጥቂቶቹ ሳቁ። ቤዛ ዞራ ስትቆጣው አየሁ። ያኔ የመጣልኝን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ልክ እንደ እናቴ መጨረሻውን ሳብ እያደረግሁ «ልዋጭ! ልዋጭ!» ብዬ ለቀቅሁት። ድምፁ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ግቢውን ሞላው፤ አጥሩንም አልፎ ሄደ። ልጁ እኔ ከሱ የተሻለ እንደምጠራ ሲያውቅ አፉን ያዘ። ከዚያ የሁለቱን ጎረቤታሞች ተረት አወራሁ። ሴትዮዋ ባሏን በኮሌታው ስትይዘው መምህሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ስጨርስ ምክር አልጨመርሁም፤ «ማን ተበደለ?» ብዬ ማይክሮፎኑን መልሼ ወደ ሰልፌ ገባሁ።

የዚያን ቀን ማታ እናቴ ጨርቁን ዘርግፋ መለየት ጀመረች። አቀርቅራ ነበር። «አባቴ፣ ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ» አለች። «በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ሳልፍ ሌላ የልዋጭ ሴት ሰማሁ። ወላሂ ድምፅዋ ከእኔ ይበልጣል። ሸክሜን እንደያዝሁ እስክትጨርስ ቆሜ ነው የሰማኋት።» አባባ ሰይድ ቢላዋቸውን ፍሙ ውስጥ ያገላብጡ ነበር። እናቴ ቀና ስትል ጉንጮቿ ርሰው አየኋቸው፤ በጭሱ እንዳላመካኝ ጭሱ ወደ ሌላ በኩል ነበር። ያፈርሁት በጫማዋ ሳይሆን በእናቴ እንደነበር፣ ማክሰኞ ማታ እሷ ጓዳ እስክትገባ የጠበቅሁት ለዚህ እንደሆነ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ሄጄ ጭኗ ላይ ተጠመጠምሁ። «ተይኝ እስኪ፣ ጨርቁን ረገጥሽው» አለችኝ፤ ግን አላስለቀቀችኝም።

አባባ ሰይድ ከሞቱ ቆይተዋል። ብዙ ተረቶቻቸውን ረስቻለሁ፤ የጅቡ ዘመድ መጨረሻው ምን እንደሆነ ዛሬ ብጠየቅ አላውቅም። የቀረልኝ አንድ ልማድ ነው። የልጄ ጫማ ሲጠብባት ለልዋጭ ከመስጠቴ በፊት ቁጭ ብዬ የላላውን እሰፋለሁ፤ ቀለም እቀባለሁ፤ አዲስ ማሰሪያ አስገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ አጠገቤ ቆማ ስታየኝ ቆየችና ግራ ገባት።

«እማ፣ ሊሄድ አይደል እንዴ? ለማን ብለሽ ነው የምትቀቢው?»

«ለባለቤቱ» አልኋት።