ወይ ድምፅ ወይ መስመር

ይህችን ካርድ ከመሳቢያዬ አውጥተሽ «አባዬ፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼ አይደለም። አንድ ሽታ መጥቶብኝ ነው፤ የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ። ቁጭ በይ። ስለ ሰው ጥፋት ብዙ አስተምሬሻለሁ፤ ይህኛው የራሴ ነው።

ያኔ አንቺ አልተወለድሽም። ከሸዋ መጥቼ መቐለ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ነበሩ። እንደ አገሩ ልማድ «አደይ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም «ወደይ» ይሉኛል፤ እናቴና ልጄ መባባላችን ነው። አንዲት ሴት ልጃቸው ከጦርነቱ በፊት አግብታ አስመራ ሄዳለች። ጦርነቱ ሲመጣ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። አደይ ስድስት ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ድምፅ አልሰሙም።

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረኝ፤ በመዝገበ ቃላት እየተረዳሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ልጅቷን አፈላልጌ በኢሜይል ያገኘኋትም እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «እሑድ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ኢንተርኔት ቤት እገባለሁ። በማግስቱ ባለቤቴ ወደተዛወረበት ወደ ቆላው እንሄዳለን፤ እዚያ ኢንተርኔት የለም። የእማን ድምፅ አሰማኝ።»

ለአደይ ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። ካመኑ በኋላ ግን ልብስ ሲያጥቡም፣ እህል ሲለቅሙም፣ የሚሉትን እያጉተመተሙ ያጠኑ ጀመር። አንዱን ይጨምራሉ፣ ሌላውን ይተዋሉ። ለስድስት ዓመት ወሬ አንድ ሰዓት አልበቃቸው ብሎ ነበር።

ሮማናት አደባባይ አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተሮቹ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቴ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ በውሰት ወሰድኩ። ይህች ካርድ ናት በጎኑ ተሰክታ ከኢንተርኔቱ መስመር የምታገናኘው። ቅዳሜ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ድምፁን ሞከርኩ፤ የከፈትኩት መዝሙር ጥርት ብሎ ወጣ። ካርዷን ግን አልሞከርኳትም፤ ቤት ውስጥ መስመር አልነበረኝምና። ግማሹን ፈትኜ ሙሉውን ቃል ገባሁ።

የኢንተርኔት ቤቱ ቴክኒሻን ከወሎ የመጣ እኩያዬ ነበር። በዚያው ሳምንት ደንበኞቹ ፊት ገሥጬዋለሁ። ያኔ የከተማው ጥገና ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ምንም ዓይነት ብልሽት ይዘሽ ብትሄጂ ያለውን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ ይጭኑልሻል። «እናንተ ማንበብ ስለማትወዱ ለራስ ምታቱም ለቁርጥማቱም መድኃኒታችሁ ፎርማት ነው» አልኩት። «ወላሂ ልክ ነህ፣ ምሁሩ!» ብሎ ሳቀ። ቤቱም አብሮት ሳቀ። ስሜ ከዚያ ወዲህ ምሁሩ ሆኖ ቀረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አደይን ይዤ ገባሁ። የጠዋቱ ፀሐይ በመስታወቱ በር ገብቶ ስክሪኑን ያነጣው ነበር። ውጭ የታክሲ ረዳቶች «እንዳ ኢየሱስ! እንዳ ኢየሱስ!» ይላሉ። ካርዷን ስሰካት ቀጭ አለች፤ አረንጓዴ መብራቷ በራ። የልጅቷ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። የጆሮ ማዳመጫውን ለአደይ አደረግሁላቸው።

ምንም የለም። ኮሽታ እንኳ የለም።

ካርዷን ነቅዬ ላፕቶፑን ሳስነሳው ድምፁ ይመጣል፤ መስመሩ ግን ይጠፋል። መልሼ ስሰካት መስመሩ ይመጣና ድምፁ ይሞታል። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ዕቃ ዋናውን አንጎል የሚጠራበት የራሱ ቁጥር ነበረው። ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ከያዙ፣ ሁለት ሰዎች በጠባብ በር እኩል ለመግባት እንደሚገፋፉት ነው፤ አንዱ ውጭ ይቀራል። ካርዷ የድምፁን ቁጥር ይዛበት ነበር። መጽሐፌን ገለጥኩ። «ለአንዱ ሌላ ቁጥር ስጠው» ይላል። የማሽኑን ዝርዝር አየሁ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ተይዘዋል። መጽሐፉ ከዚህ በኋላ የሚለው ነገር የለም።

«ምሁሩ፣ ልየው እንዴ?» አለኝ ቴክኒሻኑ።

«ተወኝ፣ አውቀዋለሁ።»

«እሺ። መጽሐፉ ምን ይላል ታዲያ?»

አንዱን ቁጥር ነካክቼ ማሽኑን አጠፋሁት፣ አስነሳሁት። እያንዳንዱ ማስነሳት ደቂቃዎች ይበላል። ሌላውን ነካሁ፤ ማውሱም አብሮ ደረቀ። ማሽኑ ከሥሩ ይግላል። ባጠፋሁት ቁጥር ከልጅቷ ዐይን እጠፋለሁ፤ በተመለስኩ ቁጥር በላቲን ፊደል የጻፈችው ይጠብቀኛል። «እማ አጠገብህ ናት?» ቀጥሎ «ለምን ትጠፋለህ?» ቀጥሎ «አለህ?»

«ወደይ፣ ጓለይ መጣች?» ይላሉ አደይ።

«ልጅሽ መጥታለች አደይ፣ ትንሽ ነው የቀረው።» በድንጋጤ አንቺ እንዳልኳቸው እንኳ አላወቅሁም።

አንቺ ዛሬ በአንድ ጣት ሰው ትጠሪያለሽ፤ ካላነሳ ትናደጃለሽ። እኔ ያን ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ፈርቼ ነበር። ልጠይቀው የሚገባኝ ሰው ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። «አላውቅም» የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለችኝ። ለአምስት ዐሥር ጉዳይ ሲሆን «ና እየው» አልኩት። እባክህ አላልኩም።

አልቀለደብኝም። ወንበሩን ስቦ መጣና ዝርዝሩን አንዴ አየው። «ይህ ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ ያለ ገመድ ከሌላ ማሽን ጋር የሚያገናኘው፣ ትጠቀምበታለህ?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያ የማያስፈልግህን ዝጋና ቁጥሩን ለሚያስፈልግህ ስጥ። ይኸው ነው።»

ዘጋው። ቁጥሩን ለካርዷ ሰጣት። አስነሳው። የማሽኑ የመነሻ ዜማ በጆሮ ማዳመጫው ሲገባ አደይ ዘለሉ። «ሃለው! ጓለይ! ጓለይ!» አሉ ለማሽኑ።

የልጅቷ ስም ደብዝዟል። ሰዓቱ አምስትን አልፏል። የተወችው ጽሑፍ ብቻ ነበር፦ «ሰዓቴ አለቀ፣ ሌላ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። እማን ሳምልኝ።»

«ምን አለች?» አሉኝ አደይ።

«እማን ሳምልኝ ብላለች። መስመሩ ነው አደይ፤ ከዚያ ወገን ተቋረጠ።»

ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ሰው ፊት ያዋረድኩት ሰው፣ እኔን ሰው ፊት ለማዋረድ አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ አልተናገረም።

«አይዞኻ ወደይ፣ አንተማ ደከምክ» አሉ አደይ። «መስመርን ምን ታደርገዋለህ?» መርቀውኝ ወጣን። ያጠኑትን ሁሉ እንደያዙ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ሲያጉተመትሙ ሰምቻቸው አላውቅም።

ከልጅቷ ጋር ዳግም በድምፅ ሳይገናኙ ከዓመታት በኋላ ዐረፉ። እውነቱን አልነገርኳቸውም። ውሸት አትዋሺ እያልኩ አንቺን የገረፍኩት እኔ ነኝ። ራሴን አስተማርኩ እያልኩ ስኮራ፣ ራሴን ያላስተማርኩት ነገር መጠየቅ ነበር።

ወደ አስመራ ስልኩ የተከፈተ ሰሞን ታስታውሺያለሽ፤ በዚሁ በአደይ ግቢ ስልክ አንዲት ሴት ደወለች። የእናቷን ማረፍ ቀድማ ሰምታ ነበር። የደወለችው የቤቱን ሰው ለመስማት ነው። ሰላምታውን ሳልጨርስ ነገርኳት። «ያን እሑድ መስመሩ አልነበረም» አልኩ፤ «እኔ ነኝ። የሚያውቅ ሰው አጠገቤ እያለ ለመጠየቅ ኮርቼ ነው።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ተቀምጣ ነው የጠበቀችኝ?» አለችኝ።

«ቆመው» አልኳት። «ወንበር ሳብኩላቸው፣ እምቢ አሉ። ‹ልጄ ስትመጣ ተቀምጬ ነው እንዴ የምቀበላት?› አሉኝ።»

ስልኩን ቶሎ አልዘጋነውም።