ድምፁን በራሱ የሚቀንሰው ላፕቶፕ

ትናንት ከጎባ ወደ ሮቤ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ያሳለፍኳት ግማሽ ሰዓት ዕድሜዬን አሳጥራዋለች ብል አላጋነንኩም...

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ ጎባ፣ የተከራየሁት ክፍል ደግሞ ሮቤ ነው። ጠዋት ስወጣ ላፕቶፔን ከስፒከር ጋር አገናኝቼ፣ ሙዚቃ ከፍቼ፣ ስክሪኑን ቆልፌ እሄዳለሁ። ሌባ «ሰው አለ» ብሎ እንዲያልፍ ነዋ!

ታዲያ ስመለስ ሙዚቃው እየሄደ ነው፣ ስክሪኑም እንደተቆለፈ ነው፣ ድምፁ ግን ዜሮ! አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን... በሦስተኛው አከራዬን እትዬ አስካለን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ቤቴ ገብተው ነበር እንዴ?»

«ገብርኤልን! እግሬ ደፍሽን አልረገጠም!»

ከፍቷቸው ራሳቸው ገበያ ወጥተው አዲስ ጓጉንቸር ገዝተው መጡ። «እንኪ ቀይሪው፣ እንድታምኚኝ» ብለው ሁለት ቁልፍ አስረከቡኝ። አፈርኩ። ግን ጓጉንቸሩ ከተቀየረ በኋላም ድምፁ መጥፋቱን አልተወም! ላፕቶፑን ለባለሙያ ወሰድኩት። አገላብጦ አገላብጦ «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። እኩለ ቀን ላይ እትዬ አስካለ ደውለው ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ማረፋቸውን ነገሩኝ። ከእኔ ክፍል የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ ብዙ ወር አልጋ ላይ ነበሩ። አለቃዬን አስፈቅጄ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ገና ከጎባ ሳንወጣ ስልኬ እንደገና ጮኸ።

«አንቺ ልጅ! ቤትሽ እየዘፈነ ነው!»

ክው አልኩ። ከእሳቸው ድምፅ ኋላ ይሰማኛል... የሰርግ ዘፈን! ጭብጨባው፣ ከበሮው...

«ሰው ሲያለቅስ አልተሰማም ነበር» አሉ እትዬ አስካለ። «አሁን ቄሶቹ ፍትሐት ሊጀምሩ ዝም ሲባል... ጉድ ሆንን! ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አይደል?» የመጨረሻዋን ጎላ አድርገው ነው ያሏት።

ሁለቱም ቁልፎች ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። ኧረ የት ልግባ! የጋሽ በቀለን ሚስት፣ አዴ ጫልቱን፣ ከዚህ በኋላ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው?

አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ማል ታቴ ኢንታላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ነገርኳቸው። ከዚያማ ሚኒባሱ በሙሉ አማካሪ ሆነ።

«የይለፍ ቃሉን ንገሪያቸው!» አለ አንዱ።

«አያስፈልግም፣ ስክሪኑ ቢቆለፍም ድምፁ ይቀነሳል! መጀመሪያ ግን ማን ይንካው?» አልኩት።

«አይዞሽ፣ መብራት ይጠፋል» አለች ሌላዋ። ቢጠፋም ላፕቶፑም ስፒከሩም ባትሪ አላቸው!

ፍርግርግ ያለበትን መስኮት ለአየር ገርበብ አድርጌው እንደወጣሁ ትዝ አለኝ። ላፕቶፑ ከመስኮቱ ስር ነው። «እትዬ፣ የመጥረጊያውን እንጨት በመስኮቱ ያስገቡ! ከላይኛው ረድፍ የጡሩምባ ሥዕል ያለባትን ይጫኑ!»

«የቷን? ሁሉም ጥርስ ነው የሚመስለው!»

ነኩት... ባሰበት! እልልታው ሚኒባሱን ሞላው። ሹፌሩ ደንግጦ የራሱን ሙዚቃ ዘጋ።

«እሷን አይደለም! ጎኗ ያለችውን!»

ደግሞ ባሰበት። መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ፤ ወርጄ ብሮጥ የምቀድመው ነው የመሰለኝ። በዚህ መሃል የአዴ ጫልቱ ድምፅ በስልኩ ገባ። «ኧረ ስለ እግዚአብሔር... ዛሬ እንኳን...» እያሉ ያለቅሳሉ።

መጥረጊያው ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ... ቁልፍ ተንሿሿ። በር ሲጢጥ አለ። የእኔ በር ነው፣ ሲጢጥታውን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ሙዚቃው ቀነሰ፣ ቀነሰ... ጠፋ።

ሚኒባሱ በሙሉ «ተመስገን!» አለ።

«እትዬ... በየት ገቡ?»

«ልጄ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

አዲስ ጓጉንቸር ሲገዛ ሦስት ቁልፍ እንዳለው ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ለካ በለቅሶው ግርግር የዕለቱን መቀነስ ረስተውት፣ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ እያየ ቁልፉን ማውጣት አሳፍሯቸው ነው! «ሁሉም ጥርስ ነው የሚመስለው» ያሉኝም ለማስመሰል ኖሯል! ደሜ ፈላ። ሮቤ እስክንደርስ የምናገረውን ስደረድር ነበር። ዛሬውኑ ቤቱን እለቃለሁ! ለቅሶው ይለፍ ብቻ!

ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ አዴ ጫልቱ እጄን ያዙኝ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ሌሊቱን ሲያቃስት አድሮ ቀን ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። ሙዚቃሽ ሲቀነስለት ነው ዓይኑ የሚከደነው። ሲመርቅሽ ነው የሞተው።»

«እኔን?»

«አስካለ ነግራናለች። ጎባ ሆና በስልኳ ትቀንስለታለች ብላናለች።»

ዞር ብዬ እትዬ አስካለን አየኋቸው። ነጠላቸውን እያስተካከሉ የድንኳኑን ጣሪያ ይመረምራሉ።

ግድግዳው ስስ ነው። ጋሽ በቀለ ሲያስሉ እሰማቸው ነበር። የእኔ ሙዚቃ እሳቸው ጋ እንደሚሰማ ግን አንድ ቀን እንኳን አላሰብኩም። እንባዬ መጣ። ሰው ሁሉ ለጋሽ በቀለ ያለቀስኩ መሰለው፣ ግማሹ ግን በራሴ አፍሬ ነው።

ሰው ቀለል ሲል አንዱን ቁልፍ አውጥቼ ለእትዬ አስካለ ሰጠኋቸው።

«ይቺ እርስዎ ጋ ትቀመጥ።»

ቁልፍ አይተው እንደማያውቁ ሰው አገላብጠው አገላብጠው አዩዋት። ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯትና «ገብርኤልን! ካልጠራሽኝ በቀር እግሬ ደፍሽን አይረግጥም» አሉኝ።

እኔና እሳቸውስ ታረቅን... ገብርኤልን መቼ እንደምናሳርፈው እንጃ!